ሁለተኛው ጆይስቲክ

የባለቤቴ እህት ባል ኢንጂነር ነው። ይህን ከማንም በፊት የሚነግራችሁ ራሱ ነው። ስልክ ሲያነሳ «ሀሎ» አይልም፤ «ኢንጂነር ነኝ» ይላል። ቤተሰቡም በስሙ መጥራት ከተወ ቆይቷል። ሚስቱ እንኳ ሻይ ስታቀርብለት «ኢንጂነር፣ ስኳር ይጨመር?» ነው የምትለው። የተማረው ስለ ሕንፃ ነው፤ ሕንፃዎቹም እስካሁን የቆሙት በሌሎች ሰዎች ጥንቃቄ ይመስለኛል። እኛ ቤት መጋረጃ መስቀያ ልስቀል ብሎ ግድግዳውን አምስት ቦታ ከበሳው በኋላ «የብሎኬቱ ጥራት ነው» ብሎ መሰርሰሪያውን ሰብስቦ ሄዷል። ያም ሆኖ በባለቤቴ ቤተሰብ ውስጥ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የሚነካው በእሱ እጅ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ሲደበዝዝ፣ ዲሽ ሲዞር፣ ፍሪጅ ሲጮህ «ኢንጂነር እስኪመጣ እንዳትነኩት» ይባላል። ኢንጂነር ይመጣል፣ ይነካዋል፣ ከዚያ ባለሙያ ይጠራል።

የባለቤቴ እናት፣ እማማ የምላቸው፣ የሚኖሩት ሀና ማርያም፣ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። ዙሪያቸው በሙሉ ፎቅ ሆኗል። እሳቸው ግን እስከዛሬ ሦስት ላሞች አሏቸው። የባላቸው ቤተሰብ ጤፍ ያርስበት የነበረው መሬት አሁን አስፋልትና የሰው ሳሎን ነው፤ የቀረቻቸው ያቺ ግቢና ከጀርባዋ ያለችው በረት ናት። ጠዋት ጠዋት የፎቁ ሰዎች ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዘው ወተት ሊገዙ ይሰለፋሉ። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛው ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ሲናደዱ ደግሞ አማርኛው ጨርሶ ይጠፋል።

የመጨረሻ ልጃቸው፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ በኩላሊት ሞተ። ከመታመሙ በፊት የገዛት አንድ አሮጌ የጌም ማጫወቻ ነበረችው። ታሞ ከሆስፒታል ሲመለስ ሰውነቱ ዝሎ ሌላ ነገር ማድረግ ስለማይችል አልጋው ላይ ተደግፎ ኳስ ይጫወት ነበር። የኳሱ ጌም ውስጥ የራስን ቡድን መሥራት ይቻላል፤ ለተጫዋቾቹ ስም፣ ቁጥር፣ የፊት ቀለም፣ የፀጉር ዓይነት ትሰጣላችሁ። እሱ ከቤተሰቡ ቡድን ሠራ። ሟቹን አባቱን በረኛ አደረጋቸው። ባለቤቴን ተከላካይ። እኔን ግራ ተመላላሽ፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው «ብዙ ትሮጫለሽ፣ ማንም አያይሽም» አለኝ። ኢንጂነሩን ዳኛ ሊያደርገው ፈልጎ ጌሙ አልፈቅድ አለው። እናቱን ዘጠኝ ቁጥር አልብሶ አጥቂ አደረጋቸው፤ ፀጉራቸውን እንኳ ነጭ አድርጎ። እሳቸው በረት ውስጥ ሆነው እሱ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ይጮህ ነበር።

«እማዬ፣ አገባሽ!»

«ስንት ሆንን?» ይላሉ፣ ሳር እየጣሉ።

አንድ ቀን አብረውት እንዲጫወቱ ሁልጊዜ ይለምናቸው ነበር። ሁልጊዜም «እጄ ወተት ነው፣ ነገ» ይሉታል። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ ማጫወቻዋን ከነገመዶቿ በአንሶላ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቷት። ሁለት ዓመት ማንም አልነካትም።

ዘንድሮ ለዳግማይ ትንሳኤ ሁላችንም እሳቸው ቤት ተሰበሰብን። ምሳ በልተን እጅ እንደታጠብን እማማ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና ጥቅልሉን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን አስነሱልኝ» አሉ። «ልጄ የሠራውን ቡድን አላየሁትም፤ ስሰማ ብቻ ነው የኖርኩት። ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ ደግሞ እኔም ልያዘውና አንድ ጊዜ ልጫወት።»

 ባለቤቴ «ከኔ ጋር ትጫወቻለሽ እማዬ» አላቸው። ለሁለት ለመጫወት ግን ሁለት ጆይስቲክ ያስፈልጋል። ሟቹ ብቻውን ነበር የሚጫወተው፣ ያለችው አንዲት ጆይስቲክ ናት። ይኼኔ የባለቤቴ እህት ስልኳን አወጣች። ኢንጂነሩ ሥራ አለኝ ብሎ ምሳ ላይ ቀርቶ ነበር። «ኢንጂነር፣ የልጆቹን ጆይስቲክ ይዘህ ና፣ ለእማዬ አንድ ነገር ትገጥማለህ» አለችው። መጣ። ለምሳ ያልተገኘው ሰው ለመግጠም ሲጠራ በግማሽ ሰዓት ከቤቱ ከለቡ ደረሰ።

እዚህ ላይ ስለራሴ መናገር አለብኝ። ያደግኩት መካኒሳ አቦ ነው፤ አጎቴ እዚያ የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረው። እሱ ደጅ ቆሞ ወሬ ማውራት ስለሚወድ ውስጡን የማሠራው እኔ ነበርኩ፣ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል፣ ከትምህርት መልስ በየቀኑ። ጆይስቲክ በቢላ ጫፍ ፈትቼ በአልኮል አጸዳለሁ። አራት ልጅ በአንድ ማሽን እንዲጫወት እገጥማለሁ። የትኛው ገመድ ቻርጅ ብቻ እንደሚያደርግ፣ የትኛው መልእክት እንደሚያሳልፍ ገመዱን ዳስሼ አውቅ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሳገባ እናቴ «ከወንድ መሃል ጌም ቤት ነው ያደግኩት ብለሽ እንዳታወሪ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም ለባለቤቴ «አጎቴ ሱቅ ነበረው» አልኩት። ምን ሱቅ ብሎ አልጠየቀኝም። ስምንት ዓመት ሳይጠይቀኝ ኖርን።

ኢንጂነሩ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ የኤሌክትሪክ መሞከሪያ ቴስተር ሰክቶ ገባ። ቆሞ ማጫወቻዋን ዙሪያዋን አየ፤ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ ራሱን ነቀነቀ። «ቆይታለች» አለ። ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሰካ። ምስል የለም። ነቅሎ ሰካ። የለም። «ቴሌቪዥኑ አሮጌ ነው፣ አይቀበልም» ብሎ ፈረደ። ባለቤቴ ሪሞቱን ከሶፋው ላይ ሲያነሳ ሳያስበው የመስመር መቀየሪያውን ተጫነና ምስሉ ቦግ አለ።

«አየህ» አለ ኢንጂነሩ፣ «ጊዜ ነው የሚፈልገው።»

የሟቹ ጆይስቲክ ቻርጅ ተደርጋ ስትነሳ ስክሪኑ ላይ ስሙ ወጣ። ከስሙ በላይ እሱ የመረጠው የላም ሥዕል ነበር።  እማማ ተነስተው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዱ።

«ይሄ እሱ ነው?»

«ስሙ ነው እማዬ» አላቸው ባለቤቴ። «ይሄን ተጭነን ስንገባ ቡድኑ እዚያ ውስጥ ነው።»

በጣታቸው ፊደሎቹን ነኳቸው። ማንበብ አይችሉም፣ እንግሊዝኛውንማ ጨርሶ። ግን እያንዳንዷን ፊደል በተራ ነኩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና «በሉ የኔንም አምጡልኝ፣ አብረን እንገባለን» አሉ። እንግዲህ ሁለተኛዋ ጆይስቲክ ብቻ ነበረች የቀረችው። ሥራው እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ከማሽኗ ጋር በገመድ ማገናኘት፣ የመሃሏን ቁልፍ መጫን፣ «እንግዳ» ብሎ ማስገባት፤ በቃ። ሻይ ከመቅዳት የሚያንስ ሥራ ነው።

ኢንጂነሩ የስልክ ቻርጀሩን ገመድ ከኪሱ አውጥቶ ሰካት። ብርቱካናማ መብራት ቀስ እያለ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። የመሃሏን ቁልፍ ሲጫናት ነጭ ብልጭ ብልጭ ብላ ሞተች። ደግሞ ተጫናት፤ ሞተች። እኔ ከመጀመሪያው ብልጭታ አወቅኩ። ያ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ጆይስቲኳ ትበላለች እንጂ ከማሽኗ ጋር አትነጋገርም።

«ገመዱ ይመስለኛል» አልኩ። «እሱ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ሌላ ገመድ ቢሞከር…»

ኢንጂነሩ ዞር ብሎ አየኝ። ሕፃን ልጅ መንግሥተ ሰማያት በስንት ቁጥር አውቶቡስ ይኬዳል ብሎ የጠየቀው ይመስል ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ገመድ ገመድ ነው። ኤሌክትሪክ ካለፈ ሁሉም ነገር ያልፋል። ይልቅ አንቺ ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልን።»

ሚስቱ ሳቀች። ባለቤቴም ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ናት፤ በአፍንጫ የምትወጣ፣ ሰውየውን ላለማስቀየም የምትሳቅ ዓይነት። ግን ሰማኋት።

ውሃውን አመጣሁ። ከዚያ ያደረግኩትን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ጥግ ያለችውን ወንበር መርጬ፣ ትራስ ከጀርባዬ አድርጌ፣ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ልክ ለቲያትር እንደከፈለ ሰው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ በሰው ፊት ሲወድቅ ማየት እፈልግ ነበር፤ ደግሞ እየወደቀ ነበር። ገመዱን ገልብጦ ሰካ። የማሽኗን ቀዳዳ እፍ አለ። ጆይስቲኳን «ቀዝቅዛ ይሆናል» ብሎ ብብቱ ውስጥ አስገብቶ ቆየ። የሚስቱን ስልክ «ሞገድ ይረብሻል» ብሎ ወደ ደጅ አስወጣ። ከዚያ በዚሁ በሞገዱ ምክንያት ፍሪጁን አስጠፋ። እማማ «ወተት አለበት እኮ!» ሲሉ «ለሳይንሱ ነው እማማ፣ ለአሥር ደቂቃ» አላቸው። ትልቅ ሰው፣ ቴስተር በኪሱ የሰካ፣ ፍሪጅ አጥፍቶ ብብቱ ውስጥ ጆይስቲክ ሲያሞቅ አያችሁ? እኔ አየሁ። በእያንዳንዷ ሙከራ ውስጤ እየሞቀ መጣ። ሌላ ገመድ የት እንዳለ እንኳ አይቼ ነበር፤ አንሶላው ሲፈታ ጥቅልሉ ውስጥ ወድቋል፣ የራሷ የማሽኗ ገመድ፣ ወፍራሙ። አጠገቤ ወለሉ ላይ ነበር። አላነሳሁትም።

ላሞቹ የሚበሉበት ሰዓት ደረሰና መጮህ ጀመሩ። እማማ ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት መነሳት አልፈለጉም። «አንተ ሂድና ሳር ጣልላቸው» ብለው ባለቤቴን ላኩት። የባለቤቴ እህት ስልኳን ፍለጋ ደጅ ነበረች። ሳሎኑ ውስጥ የቀረነው ሦስታችን ነን፤ እማማ፣ ኢንጂነሩና እኔ።

«ገባኝ» አለ ኢንጂነሩ ድንገት። «የድሮው ዩዘር ነው ሲስተሙን የያዘው። እሱ ካልወጣ አዲስ አያስገባም።»

ማስተካከያው ውስጥ ገባ። እዚያ መግባት ማወቁ ራሱ ገረመኝ። የሟቹ ስም ላይ ቆመ፤ ከስሩ ካሉት ምርጫዎች አንዱን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። እንግሊዝኛ ነው፣ አጭር ነው፣ ግልጽ ነው። ይህ ተጠቃሚ ይጥፋ ወይ? ካጠፋኸው ያስቀመጠው ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ አይመለስም።

ልክ በዚያች ቅጽበት ስልኩ ጠራ። «ኢንጂነር ነኝ» አለ። ጆይስቲኳን በአንድ እጁ እንደያዘ ስለ ፌሮና ስለ አሸዋ ማውራት ጀመረ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ረጅም ጊዜ ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ ጆይስቲኳን ከእጁ ወስዶ የሚመለስበት ጊዜ ነበር።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ይላል ልጄ?»

አየኋቸው። ስለ ቡድኑ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤያለሁ። ዘጠኝ ቁጥራቸውን፣ ነጭ ፀጉራቸውን ሳይቀር አስቤያለሁ። ግን ከሁሉ በላይ ጆሮዬ ላይ የነበረው ያቺ ሳቅ ናት። ይጫነው፣ አልኩ በልቤ። ይጫነውና ጆይስቲኳ አሁንም እምቢ ስትለው ምን እንደሚል እንስማ።

«ኢንጂነር ያውቃል እማማ» አልኳቸው።

እሳቸውም አምነውኝ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ኢንጂነሩ ስልኩን ሳይዘጋ፣ በአውራ ጣቱ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ተጫነ።

ስሙ ጠፋ። የላሟ ሥዕልም። በቦታው አዲስ ዩዘር አወጣ፤ ሁለተኛዋን ጆይስቲክ ሰካ፣ ተጫነ። ነጭ ብልጭ ብልጭ። ሞተች። ፊቱ ላይ ላብ አየሁ። ተደሰትኩ። አሁን ሳስበው በዚያ ቅጽበት ሳሎኑ ውስጥ ደስተኛ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴ እጁን እያራገፈ፣ ሱሪው ላይ ሳር ተሰክቶበት ገባ። «ሁለተኛዋ ትቆይ፣ መጀመሪያ ቡድኑን እናሳያት» ብሎ የወንድሙን ጆይስቲክ ተቀበለና ጌሙን ከፈተ። ጌሙ እንደ አዲስ እንግዳ ተቀበለው፤ ቋንቋ ምረጥ፣ የምትደግፈውን ቡድን ምረጥ አለው። ባለቤቴ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ገባ።

«ኢንጂነር፣ ቡድኑ የታለ?»

«ምኑ ቡድን?»

«የወንድሜ ቡድን ነዋ! ስሙም የለም እዚህ።»

ኢንጂነሩ ቴስተሩን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ሰካው። «እ… ሲስተሙ አድሶት ይሆናል። ሁለት ዓመት ሲዘጋ እኮ ራሱ ያጠፋል። ይሄ የታወቀ ነው።»

«ጠፋ ማለት የት ሄደ?» አሉ እማማ። ከባለቤቴ ወደ ኢንጂነሩ፣ ከኢንጂነሩ ወደ ባለቤቴ ያያሉ። 

የእኔ ሰዓት ደርሶ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ከቆየ ቆይቷል።

«ራሱ አላጠፋም» አልኩ ከወንበሬ ሳልነሳ። «ኢንጂነር ናቸው ያጠፉት። ጽሑፉ ያስቀመጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል ነው የሚለው። ሳያነቡ ተጫኑት።»

ጣፋጭ ነበር። እውነቴን ነው፤ ለሁለት ትንፋሽ ያህል ጣፋጭ ነበር። ኢንጂነሩ ያልጠራ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። ሚስቱ ከበሩ ላይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባለቤቴ ግን እሱን አይደለም ያየው። እኔን ነው ያየው።

«አንብበሽዋል?»

«አዎ።»

«ከመጫኑ በፊት?»

ጎንበስ ብዬ ወለሉ ላይ ያለውን ገመድ አየሁ።

«ጠይቄያት ነበር» አሉ እማማ ለልጃቸው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ። «ምን ይላል ብዬ ጠይቄያት ነበር።»

ከዚያ ኦሮምኛ ብቻ ሆነ። ለማንም አልነበረም፤ ለራሳቸው እያሉት ተነስተው ወደ በረቱ ወጡ። ኢንጂነሩ ነገሩ ከእሱ ላይ እንደተነሳ ሲያይ ነፍስ ዘራ። ጣቱን ቀስሮ «አንቺ ካወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ። ይህን ሰው ለስምንት ዓመት ሳውቀው ትክክለኛ ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያውም እኔ ላይ።

 እኔ ወለሉ ላይ ያለውን ወፍራሙን ገመድ አነሳሁ፤ ሁለተኛዋን ጆይስቲክ ከማሽኗ ጋር አገናኘኋት፤ የመሃሏን ቁልፍ ተጫንኳት። ነጩ ብልጭታ ቆመና ቀይ ሆኖ ረጋ። ስክሪኑ «ማን ነው የሚጫወተው?» ብሎ ሲጠይቅ «እንግዳ» አልኩት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ያ ነው ከሁሉ ያሳፈረኝ። ማንም «ጎበዝ» አላለኝም። ፍሪጁን መልሼ አበራሁና ወደ ጀርባ ሄድኩ።

እማማ ዱካ ላይ ተቀምጠው እያለቡ ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ባልዲውን በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ኢንጂነር አያውቅም» አሉ ሳያዩኝ። «አለማወቁን እኔም አውቃለሁ። ልጄን ስለያዘ ነው የማከብረው። አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ለምን ዝም አልሽ?»

«ስለሳቁብኝ።»

«እኔ ሳቅኩብሽ?»

«እርስዎ አልሳቁም።»

«ታዲያ ለነሱ ሳቅ ብለሽ የኔን ለምን ሰጠሽ?»

 ላሟ ጭራዋን አወናጨፈች። እማማ በክርናቸው ገፋ አድርገዋት ማለባቸውን ቀጠሉ። ከቆይታ በኋላ «ተሠራ?» አሉኝ።

«ተሠርቷል።»

«እንግዲህ ይሄን ልጨርስና እመጣለሁ። ሂጂ።»

መጡም። እጃቸውን ታጥበው፣ በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው፣ ሶፋው ላይ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ጆይስቲኳን ገልብጠው ያዟት፤ ባለቤቴ አቃናላቸው። ቡድን ሲመርጥላቸው «ማንም ይሁኑ፣ አላውቃቸውም» አሉ። ከተጀመረ በኋላ ግን ሰዎቹ ወደፈለጉት እንደማይሄዱላቸው ሲያዩ ተናደዱ፤ አንዱን ረጅም ተጫዋች በኦሮምኛ ይሰድቡት ጀመር። ኳሷን ይዘው ወደ ራሳቸው በረኛ ሮጡና አገቡበት። ባለቤቴ ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ፤ እናቱም ሳይጠይቁት ጨዋታውን ብቻቸውን ቀጠሉ፣ እሱ መጫወት በመተዉ ባሉበት የቆሙትን ተጫዋቾች ለማለፍ እየታገሉ።

ኢንጂነሩ ከኋላቸው ቆሞ «ሹት! አሁን ሹት!» ይል ነበር። መቼም አያፍርም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ በመስኮቱ ሲያይ ነበር። መካኒሳ ወርደን ስንሄድ ነገርኩት፤ ጌም ቤቱን፣ አጎቴን፣ ጆይስቲክ በቢላ መፍታቴን፣ እናቴ እንዳታወሪ ማለቷን። መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

«ስምንት ዓመት» አለ። «ሌላስ ምንድን ነው የምታውቂው?»

ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር። ዝም ብላ ጥግ ተቀምጣ ከምታይ ሴት ጋር ስምንት ዓመት እንደኖረ የገባው ያን ዕለት ይመስለኛል። ሳምንት ሙሉ ከ«ደህና ዋልሽ» ውጪ አላናገረኝም። ከዚያ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ «ጆይስቲክ በቢላ እንዴት ነው የሚፈታው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከወጥ ቤት ቢላ አምጥቼ አሳየሁት።

ቡድኑን እንደገና ልሥራው ብዬ ለእማማ ነግሬያቸው ነበር። ቦታቸውን፣ ቁጥራቸውን፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። አልፈለጉም። «አንቺ ከሠራሽው ያንቺ ነው» አሉኝ፤ ሳይቆጡ፣ እውነቱን ለመናገር ያህል። እንደጠፋ ቀረ። አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከልጃቸው ጋር ይጫወታሉ። እየተሸነፉ ነው፤ ግን ወደ ራሳቸው ጎል መሮጥ ትተዋል።

ኢንጂነሩ በክርስትና ድግስ ላይ ሲያወራ ሰማሁት። «ያቺ ማሽን ሞታ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስነሳኋት» ይላል፤ ስለ ሞገድና ስለ ፍሪጅ ያስረዳል፤ ሰዎችም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እማማ ከሚሰሙበት ቦታ ግን አያወራም፤ ያን ያህል ብልጠት አለው። በቅርቡ ለልጆቹ አዲስ ማጫወቻ ገዝቷል፤ አልገጠም ሲለው ለእኔ ይደውልልኛል። ከሚስቱ ተደብቆ መሰለኝ ከመኪናው ውስጥ ነው የሚደውለው። «እህቴ፣ አንድ ትንሽ ነገር ላማክርሽ» ይላል፤ ትንሽ የምትለውን ረገጥ አድርጎ። ደህና ሰው አልሆንኩም፤ ስልኩን እያየሁ እስኪበቃኝ አስጠራዋለሁ። ሳነሳው ግን ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፏል ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ፊደል በፊደል አስነብበዋለሁ፤ የቱን መጫን እንዳለበት፣ የቱን ፈጽሞ መንካት እንደሌለበት አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ።